ከፈረስ እንዳይቀድም የተገዘተ ዶቅዶቄ

የአሰበ ተፈሪ ወዳጆቼ፣ በየደብዳቤያችሁ «የተመደብክበት አገር እንዴት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጎጃም ድረስ መጥታችሁ የማየት ዕድል እንደማይገጥማችሁ ስለማውቅ፣ በጥር ወር በትምህርት ቤታችን ዕረፍት ያደረግሁትን የአምስት ቀን ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው እጽፍላችኋለሁ። ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ ጥቂት ብቻ ባወራ ግን አትቀየሙኝ፤ ጉዞው የፈረስና የዶቅዶቄ ነገር ሆኖብኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ጎረቤቴን ጋሼ ንጋቱን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ንጋቱ በደብረ ማርቆስ የአንድ ጤና ጣቢያ መልእክተኛ ነው። መድኃኒት በቀይ ዶቅዶቄ ጭኖ ለየገጠሩ ከተማ ያደርሳል። ባለፈው ክረምት መውጫ ጥምዝ ላይ ሲበር ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሁለት ወር ተኛ። ሲድን ሚስቱ እትየ የሺ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ አድማሱ ሄደች። መምሬም አስጠርተው፣ «ከእንግዲህ በዚህ ነገርህ ከፈረስ ቀድመህ እንዳትሄድ በአምላክ ስም ገዝቸሃለሁ» አሉት። ግዝት በእኛም አገር አለ። እዚህ ግን ግዝት ያለበት ሰው ማንም ባያየው እንኳ አይደፍረውም፤ የሚፈታውም ያሰረው ካህን ብቻ ነው።

ጋሼ ንጋቱ በቅርብ የሚያውቀው ፈረስ የጎረቤቱ እህል ጫኝ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰዓት ከሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አያውቅም። ችግሩ ይጁቤ ላይ መጣ። ወደ ይጁቤ የሚላከው የሕፃናት ክትባት በበረዶ ተከቦ ነው የሚሄደው። የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ደግሞ በላምባ የሚሠራ በመሆኑ በቀን ከሁለት ብርጭቆ የበለጠ በረዶ አያወጣም። ያም በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይዘልቅም። መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወረቀት ብሠራው፣ ጥምዙንና የወንዙን መሻገሪያ ሲጨምሩበት፣ ሜዳው ላይ ከሃምሳ አምስት በታች የሚነዳ ሰው በረዶውን ይዞ ሊደርስ አይችልም። ክትባቱ ሁለት ጊዜ ሞቆ ስለተጣለ ኃላፊው ጋሼ ንጋቱን፣ «ሰኞና ዓርብ ሁለት ሳጥን አለህ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከነበረዶው ካልደረሰ ቁልፉን ለሌላ ሰው ታስረክባለህ» ብሎታል።

ጋሼ ንጋቱ ግዝቱን እንዲፈቱለት መምሬን ለምኖ ነበር፤ እሳቸው ግን እንቢ አሉ። በመጨረሻ፣ «ለመሆኑ የትኛውን ፈረስ ነው ያሉኝ?» ቢላቸው ጥቂት አሰቡ።

«ፈረስ አልሁ እንጅ የእገሌ ፈረስ አላልሁም» አሉት። «እግዜር የፈጠረውን ፈረስ ልኩን እኔ አልወስንም። ፈረስ የሮጠውን ያህል ሩጥ። ያንተን ቃል ግን አልቀበልም። ፊደል የቆጠረ፣ ዘመድህ ያልሆነ ሰው በዓይኑ አይቶ መስቀሌን ይዞ ይመስክር።»

ምስክሩ እኔ ሆንኩ። የተስማማሁት ለበጎ ሥራ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። በልጅነቴ ሚኤሶ ጣቢያ ቆሜ ባቡሩ እያፏጨ ሲያልፍ ሳይ፣ ያ ፍጥነት ለተሳፋሪዎቹ ብቻ መሰጠቱ ያናድደኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከጭነት መኪና በላይ በሚፈጥን ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ሰኞ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ሳጥኑን ታቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። እትየ የሺ እስከ በር ሸኝታን፣ «አስተማሪ፣ አደራ! ካበደ ጆሮውን ያዝልኝ» አለችኝ።

በሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ አገር ለማየት ይመቻል። በእኛ ጨርጨር መንገዱ ገደል ለገደል ስለሆነ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ ብቻ ነው። እዚህ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ በየአውድማው በሬዎች ጤፍ ያበራያሉ፣ ከኋላ ጮቄ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ዶቅዶቄያችን ከሃያ ሁለትም ወረደ። አንድ በበቅሎ የተቀመጠ ሽማግሌ ደረሰብንና ጎን ለጎን መሄድ ጀመረ።

«እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ?»

«ደኅና። ምነው፣ ታሟል እንዴ? ጩኸቱ ብዙ፣ መንገዱ ትንሽ ሆነብኝ።»

«ተገዝቶ ነው» አለ ጋሼ ንጋቱ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው ነገሩን ከሰማ በኋላ እስከ ዳገቱ ጫፍ እየሳቀ ሸኘን። ሲለየንም፣ «ጭድ አጉርሱት እንጅ! ፈረስ ካላችሁት እንደ ፈረስ አብሉት» አለ።

ይጁቤ ስንደርስ ሳጥኑን ሳነቃንቀው የሚሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ነከረና መልሶ ገጠመው። ደጅ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተቀምጠዋል። ገና በጨለማ ተነሥተው ከቆላ የወጡ ነበሩ። ድሬሰሩ ወጥቶ «ለዓርብ ኑ» ሲላቸው አንዳቸውም አልተቆጡም። ነጠላቸውን አራግፈው፣ ልጆቻቸውን አጥብቀው አዝለው ቁልቁል ሄዱ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ጋሼ ንጋቱ ከዶቅዶቄው ላይ ሳይወርድ ጀርባቸውን እስኪያጣው ድረስ ተመለከተ።

ያደርነው ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ቤት ነው። ሐጂ ጨውና አቡጀዴ ይሸጣሉ፤ ፈረስም ይወዳሉ። ለእኛ ብለው ክርስቲያን ጎረቤታቸውን አስጠርተው ዶሮ አሳረዱ፣ ወጡም በጎረቤቱ ሚስት ድስት ተሠራልን። በእኛ አገርም እስላም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲህ ስለሚያደርግ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ከምሳ በኋላ ነጭ ፈረሳቸውን ለሙከራ አሰለፉልን። ጋሼ ንጋቱ ከፈረሱ ደረት ሳያልፍ ጎን ለጎን ይነዳል፤ እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ የፍጥነት መለኪያውን መርፌ አነባለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ጥሩ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ለፈረስ ጥሩ ነው፤ ለበረዶ ግን አይበቃም» አልኳቸው።

ሐጂ አልተከፉም። «እንግዲያማ ቁይ ሂዱ» አሉን። «ግራዝማች በላቸው የሚባሉ ሰው አሉ። ደብረ ኤልያስ ገበያ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ያልረገጥሁት የፈረስ ተራ የለም። እንደ እሳቸው ዳማ ፈረስ ያለ ግን አላየሁም። ሦስት ጊዜ ልግዛ ብየ ሦስት ጊዜ አባረውኛል።»

ማክሰኞ

ጧት በደብረ ማርቆስ በኩል ተመልሰን ለቁይ ክሊኒክ የሚደርስ ክኒን ጫንንና በዚያው አለፍን። ከቀትር በኋላ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። መለጠፊያ ነበረን፤ ማስቲሹ ግን ከነጣሳው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። በአቅራቢያው አውድማ ላይ የነበሩ ገበሬዎች መንሻቸውን ጥለው መጡና ጎማውን ዙሪያውን አዩት።

«ሆዱ ባዶ ነው?» አለ አንዱ።

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ጭድ ሙላበት። ኮርቻም የምንሞላው በጭድ ነው።»

ጋሼ ንጋቱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። አራት ሆነን የጤፍ ጭድ ጎማው ውስጥ በዱላ እየጠቀጠቅን አንድ ሰዓት ሠራን። ገበሬዎቹ ጠላ አመጡልን፤ ጭዱን ግን ብንለምንም ዋጋውን አልነገሩንም። በዚህ ዓይነት ጭድ የጎረሰው ዶቅዶቄያችን እየነጠረ፣ ከኋላው ገለባ እየበተነ ቁይ ገባ። የከተማው ሰው በራፍ በራፉ ላይ ወጥቶ አየን። የጭነት መኪና ያቆመ ሾፌር ማስቲሽ ሰጠንና ጎማውን ለጥፈን፣ ክኒኑንም አስረክበን እንደ ሰው ወደ ግራዝማች ቤት ገባን።

ግራዝማች በላቸው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። በጥምቀት ጉግስ ላይ እስካሁን ይጋልባሉ። ውሃ አስቀርበው እግራችንን አስታጥበው፣ ከገዛ መደባቸው ላይ አስቀመጡን። የመጣንበትን ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«አይሆንም» አሉ። «ብረት ከነፍስ ጋር ይሽቀዳደማል? ብረት ቢሸነፍ አያፍርም። ፈረሴ ቢሸነፍ ግን ያፍራል።»

«ጌታየ» አለ ጋሼ ንጋቱ፣ «እኔ የመጣሁት ልሸነፍ ነው።»

«እንዴት?»

«ፈረስዎ በሮጠው ልክ ነው መሄድ የተፈቀደልኝ። ፈረስዎ ከበረረ እኔም እበራለሁ። ካዘገመ አዘግማለሁ፤ ቁልፉንም አስረክባለሁ።»

ግራዝማች ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩ። «ስሚማ! ሽንፈት ፍለጋ ቁይ ድረስ የመጣ ሰው አየሁ!»

ረቡዕ

ጤዛው ሲነሣ ከከተማው በታች ወዳለው መስክ ወረድን። በጥር ሣሩ ደርቆ መሬቱ እንደ ምንጣፍ ተለጥጧል። ግራዝማች ዳማውን ያለ መጣብር ጌጥ፣ በቀላል ኮርቻ ብቻ ይዘውት መጡ። ቆሞ ሲታይ ከሌላ ፈረስ እምብዛም አይለይም፤ እንዲያውም አንገቱ ዝቅ ያለ፣ ያንቀላፋ የሚመስል ነበር። ደንቡን አስረዳሁ፦ የዶቅዶቄው የፊት ጎማ የፈረሱን ደረት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ልኩ አይያዝም።

ተነሣን። ሃያ። ሠላሳ። ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አርባ። ነፋሱ ከአፌ ውስጥ ቃሉን ይነጥቀኝ ጀመር። አርባ አምስት። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ፈሰሰ። አርባ ስምንት። በዚህ ጊዜ በስተቀኜ አንድ ነገር ሲረዝም ታወቀኝና ዞር አልኩ።

ያየሁትን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ያ ያንቀላፋ ፈረስ ጠፍቶ ነበር። አንገቱ እንደ ጦር ተዘርግቷል፤ አራቱም እግሮቹ መሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፣ ያን ጊዜ ከሆዱ ሥር የወዲያኛው አድማስ ይታያል። ሽማግሌው በላዩ ላይ እንደ ቅጠል ተለጥፈዋል። ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የባሰ ነገር ሆነ፦ ፈረሱ የቆመ መሰለኝ። እኔም ቆምኩ፣ ጋሼ ንጋቱም ቆመ፤ የሚሮጠው መስኩ ነበር፣ ከሥራችን እንደ ወንዝ ወደ ኋላ ይፈስሳል። በባቡር መስኮት የስልክ እንጨት ሲሮጥ አይታችኋል። ያ በመስታወት የተከለለ ነው። እዚህ የሚከልለኝ አልነበረም፤ እጄን ብዘረጋ የዳማውን ጋማ እነካው ነበር። ፈራሁ፤ ግን እንዲያበቃ አልፈለግሁም።

መስኩ አለቀና ቆምን። ግራዝማች ዳማውን እያሽከረከሩ አበረዱት። ጋሼ ንጋቱ ፊቱ እያበራ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት አየህ?»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ከአርባ ስምንት በኋላ መርፌዋን አላየሁም።

«ስድሳን አልፋለች እኮ! እኔ አይቻታለሁ!» አለ። ፊቴን አይቶ ገባው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ስድሳ በል» አለኝ። «ውሸት አይደለም። እኔ ያየሁትን ነው የምትናገረው። አስተማሪ፣ እነዚያን ሴቶች አላየህም?»

አይቻቸዋለሁ። ልጆቻቸውን አጥብቀው አዝለው ቁልቁል የወረዱበት ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። ነገር ግን መስቀል ይዤ የምመሰክረው እኔ ባየሁት ነው። ለግራዝማች ነገርኳቸው፦ «ያየሁት አርባ ስምንት ነው።»

ጋሼ ንጋቱ የዶቅዶቄውን መሪ ለቅቆ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ግራዝማች ግን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባቸው ረጋ ብለው ጠየቁ።

«የዚያ የሐጂ ሰይድ ነጭ ስንት ነበር?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ስንት በለጠው ማለት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ!» አሉና ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «ያን ጨው ጫኝ? በዘጠኝ ብቻ? ይኸን ልትመሰክር ነው? ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በመስቀል ፊት?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ፈረሱን ሳይ መርፌዋን እንደ ረሳሁ። ቁጣቸው ወዲያው ባይበርድም አቅጣጫው ተለወጠ።

«ዛሬ አይሮጥም፤ ነፍስ ነው» አሉ። «ነገ ጧት ይሮጣል። አንተ ልጅ፣ ዳማን ማየት ካማረህ ወደ ቁይ ተዛውረህ አስተምር። ነገ ግን መርፌዋን እይ።»

ቀኑ የጾም ስለነበረ በዘጠኝ ሰዓት የሱፍ ፍትፍት ቀረበልን። እመቤቲቱ እኔን እያዩ፣ «ብላ ልጀ፤ እሳቸውም ያገቡኝ ቀን ፈረስ እያዩ ቀለበቱን ረስተውት መጥተዋል» አሉ። ግራዝማች ሳቁ። ጋሼ ንጋቱ ግን አልሳቀም። ሲመሽም ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ሐሙስ

ጧት ስንነሣ ዓይኔን መርፌዋ ላይ ተከልኩ፣ በሁለት እጄም የጋሼ ንጋቱን ትከሻ ጨበጥኩ። አርባ ስምንት መጣችና አለፈች። ሃምሳ አምስት። የኮቴው ድምፅ በስተቀኜ እንደ ከበሮ ይመታል፤ የፈረሱ አረፋ እጅጌዬ ላይ ተረጨ፣ ትንፋሹ አንገቴን አሞቀው። ዞር ለማለት አንገቴ ራሱ ይጎትተኝ ነበር። አልዞርኩም። ሃምሳ ስምንት። ስድሳ። ስድሳ አንድ ላይ መርፌዋ እየተንቀጠቀጠች ቆመች፤ እንዳልቀደምነው ያወቅሁት ከፊታችን በቀደመው በዳማው ጥላ ነበር። ፈረሱን አላየሁትም።

ግራዝማች ቁጥሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከነጩ በስንት?»

«በሃያ ሁለት።»

«አሁን ሂዱ» አሉ።

ወደ ማታ ደብረ ማርቆስ ደርሰን በቀጥታ መምሬ አድማሱ ቤት ገባን። እትየ የሺም ሰምታ መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። መምሬ መስቀሉን አስጨበጡኝ።

«ስንት?»

«ስድሳ አንድ።»

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

«ፈረሱስ ሲሮጥ እንዴት ያለ ነው?»

«ዛሬ አላየሁትም፣ አባቴ። ትናንት አይቼዋለሁ፤ ትናንት ደግሞ ቁጥሩን አላየሁም» አልኩና የትናንቱን ነገር አንድ በአንድ ተናገርኩ። «ስድሳ በል» መባሌን ግን ዘለልኩት። ጋሼ ንጋቱ ራሱ ጣልቃ ገብቶ፣ «ዋሽልኝ ብየው ነበር፣ አባቴ» አላቸው።

መምሬ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ከዚያም፣ «ለእሱ ሰባት ስግደት ትሰግዳለህ» አሉት። «ልኩ ግን ስድሳ ነው። አንዷ ለፈረሱ ትቅር፤ ከፈረስ አትቅደም ብያለሁና።»

«ጥምዝ ላይስ፣ አባቴ?» አለች እትየ የሺ ከበሩ።

«ጥምዝ ላይ እንደ አህያ።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

«እሱም እንደ አህያ» አሉ።

ዓርብ

በረዶው ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ሰዓቴን አየሁ። ሳጥኑን ታቅፌ ተነሣን። በጥምዙና በቁልቁለቱ እንደ አህያ ሄድን። ወንዙን ተሻግረን ሜዳው ሲከፈትልን ግን ጋሼ ንጋቱ ከመስከረም ወዲህ በመንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የነዳጅ መስጫውን እስከ ልኩ አዞረ።

ስድሳ። ሰኞ አንድ በአንድ ያየኋቸው አውድማዎች አሁን እንደ አንድ ረጅም ቢጫ ጨርቅ ሆኑ። የነፋሱ ጉልበት ደረቴን እንደ ሰው እጅ ይገፋኛል። የጮቄ ተራራ ብቻ ነው የማይንቀሳቀስ፤ ሌላው አገር ሁሉ ተነሥቶ ይሄዳል። ሰው በገዛ እጁ በሠራው ነገር ላይ ተቀምጦ እንዲህ መሄድ መቻሉ ድንቅ ሆነብኝ፣ እንዲህ ያለውንም ኃይል የሰው እጅ ስድሳ ላይ ገትቶ መያዙ የበለጠ ድንቅ ሆነብኝ። ከስድሳ በላይ ብዙ ቁጥር ቀርቶ ነበር። መርፌዋ ግን አንዲት ጊዜ እንኳ አላለፈችም።

ይጁቤ ስንደርስ ሃምሳ ስድስት ደቂቃ ሆኖ ነበር። እናቶቹ መጥተዋል፤ ከሰኞም በዝተዋል። ድሬሰሩ ክዳኑን ከፍቶ እጁን አስገባና የዶሮ እንቁላል የምታህል በረዶ አወጣ። አየት አድርጎ መለሳት፤ ወዲያው መርፌዎቹን መቀቀል ጀመረ። ደረሰኙን ፈርሞ ለጋሼ ንጋቱ ሰጠው።

ጋሼ ንጋቱ ማንበብ ያውቃል። ሆኖም ወረቀቱን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ «አንብብልኝ» አለ።

«ከነበረዶው ደርሷል» ብዬ አነበብኩ።

«ድገመው።»

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሕፃን ተወግቶ ነበር፤ እሱ ሲጮኽ የቀሩትም ሁሉ ተከተሉት። ስለዚህ ሁለተኛውን እየጮህኩ አነበብኩለት።